«እውነት ወይስ ሐሰት» ላይ ሰው የሚወድቅባቸው ስህተቶች

ለጥያቄና መልስ ምሽቶች ጥያቄ አዘጋጃለሁ። ከሁሉም ዙር የምወደው «እውነት ወይስ ሐሰት» ነው። ጎበዝ ሰዎች በማያውቁት ነገር ቢሸነፉ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ የሚያውቁትን ሲጥሉት ነው።

ጥያቄው ሳያልቅ የሚመልሱ ሰዎች ያቃጥሉኛል። «አበበ ቢቂላ በሮምም በቶኪዮም የኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል።» ይህን ባነበብኩ ቁጥር «አሸንፏል» ላይ ሳልደርስ «እውነት!» የሚል ጩኸት ይነሳል። «አበበ» እና «ባዶ እግር» ከሰሙ በቃ፣ ሌላውን ማን ይሰማል! እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጧል፤ ልክ ነው። በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነበር፤ ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት በኋላ። ይህን ታሪክ ከእኛ በላይ ማን ያውቀዋል? ታዲያ መልሱ የሚጠፋው በችኮላ እንጂ ባለማወቅ አይደለም።

«የዓለም ትልቁ በረሃ ሰሃራ ነው» ስልም ያው ነው። በረሃ የሚባለው ዝናብም ሆነ በረዶ እምብዛም የማይጥልበት ቦታ ነው፤ ሙቀት የግድ አይደለም። ስለዚህ አንታርክቲካ ይበልጣል። «ትልቁ ሞቃታማ በረሃ» ብል ኖሮ እውነት ይሆን ነበር። እባካችሁ እስከ መጨረሻው ስሙ። «ሁሉም»፣ «ብቻ»፣ «በጭራሽ» የሚል ካለበት ደግሞ የሚያፈርሰው አንድ ምሳሌ ፈልጉ። አንድ ከተገኘ ሐሰት ነው።

ሁለተኛው፣ የገረማችሁን ሁሉ ሐሰት ማለት። በቬነስ ላይ አንድ ቀን ከአንድ ዓመት ይረዝማል። እውነት ነው፤ በራሷ ዛቢያ አንዴ ለመዞር 243 የምድር ቀናት ይፈጅባታል፣ ፀሐይን ለመዞር ግን 225 ገደማ ይበቃታል። የሚገርም ነገር ሲመጣ የሚሰላ ከሆነ አስሉት። «ክሊዮፓትራ የኖረችበት ዘመን ከጊዛው ታላቅ ፒራሚድ ግንባታ ይልቅ ሰው ጨረቃን ለረገጠበት ዓመት ይቀርባል» ብዬ ስጠይቅ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ሶፍቷ ላይ ትጽፍ ጀመር። ፒራሚዱ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት 2560 አካባቢ ነው። ክሊዮፓትራ የሞተችው በ30 ከክርስቶስ ልደት በፊት። ልዩነቱ 2,500 ዓመት ያህል። ከእሷ ሰው ጨረቃን እስከረገጠበት እ.ኤ.አ. 1969 ደግሞ 2,000 ገደማ። «እውነት» አለች፣ ነጥቡንም ወሰደች። እንዲህ ያለ ጀማሪ ሳይ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው የአገር ፍቅር ነው። «የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ዳሎል ነው» ሲባል እጅ ሁሉ ይነሳል። ዝቅተኛው ግን ጅቡቲ ያለው የአሳል ሐይቅ ነው፤ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ገደማ። «ድንቅነሽ ከሁሉም የሰው ዘር ቅሪተ አካላት ትቀድማለች» የሚለውም እንዲሁ ይጥላል። እሷ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው ዕድሜዋ፤ እዚያው አፋር የተገኘችው አርዲ 4.4 ሚሊዮን ይሆናታል። የጎረቤትን መጠራጠርም የዚሁ ሌላ ገጽታ ነው፤ ሱዳን በፒራሚድ ብዛት ግብፅን ትበልጣለች ብዬ ያመነኝ ጥቂት ሰው ነው። እውነት ነው።

ደጋግሞ መስማትን እንደ ማስረጃ አትቁጠሩ። የቻይና ታላቁ ግንብ ከጨረቃ ላይ በዓይን አይታይም። የቻይናው ጠፈርተኛ ያንግ ሊዌ እ.ኤ.አ. በ2003 ለጨረቃ ሳይጠጋ እዚሁ ምድርን እየዞረ እንኳ አላየሁትም ብሏል። አንጎላችንን 10 በመቶ ብቻ ነው የምንጠቀመው የሚባለውም ሐሰት ነው።

«ሦስቴ ተከታትሎ እውነት ሆኗል፣ አሁን ሐሰት መሆን አለበት» የምትሉ፣ ተዉት፤ ቅደም ተከተሉን በዕጣ ነው የማወጣው።

በቡድን ስትጫወቱ ደግሞ ድምፁ ጎላ ያለውን አትከተሉ። «ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው» ስል ጥግ የተቀመጠው ልጅ «እውነት ነው» አለ፤ ጓደኞቹ ጮኸው አስቀየሩት። ልጁ ግን ልክ ነበር፤ ሁለቱ ልቦች ደምን ወደ መተንፈሻ ስንጥቦቹ ይገፋሉ፣ ሦስተኛው ለቀረው አካል ያደርሳል። መጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው መልሱን ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ተከራከሩ።