ያልተወራረደ ብር እንዳይቆለል፦ የዩኒቨርሲቲ ጥቃቅን ግዥ አያያዝ

ውጭ አገር ያሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለትንንሽ ግዥ ለየትምህርት ክፍሉ የግዥ ካርድ ይሰጣሉ። ካርዱ ሦስት ልጓም አለው፦ ለአንድ ግዥ ጣራ፣ ለወሩ ጣራ፣ እንዲሁም የሱቅ ዓይነት ገደብ። ባንኩ ነጋዴውን ሁሉ በአራት አሃዝ መለያ ስለሚመድበው ካርዱ መጠጥ ቤት ወይም ጌጣጌጥ ቤት ውስጥ እንዳይሠራ ማድረግ ይቻላል። ወሩ ሲያልቅ ካርድ ያዡ የባንኩን ዝርዝር ከደረሰኙ ጋር አመሳክሮ ለኃላፊው ያስፈርማል። ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ላይ ያለ የትምህርት ክፍል ግን ጥቃቅን ዕቃ የሚገዛው ከጥቃቅን ወጪ ሣጥን፣ በቴሌብር ወይም በገዥ ሠራተኛ ስም በወጣ ቅድሚያ ክፍያ ነው። ልጓሙን የሚይዘው ማሽን የለም፤ ቅጹና ፈራሚው ናቸው። ስለዚህ ሒሳቡ በጊዜው ይወራረድ አይወራረድ (የወጣው ብር በደረሰኝና በተመላሽ ብር ይዘጋ አይዘጋ) የሚለየው ብሩ ከመውጣቱ በፊት በተሞላው ወረቀት ነው።

ሣጥኑ

የጥቃቅን ወጪ ሣጥን ቋሚ መጠን ይኑረው። 30,000 ብር ከተባለ በማንኛውም ሰዓት ተከፍቶ ቢቆጠር ጥሬው ብርና የተከፈለባቸው ደረሰኞች ተደምረው 30,000 ሊመጡ ይገባል። ጥሬው 11,350፣ ደረሰኙ 17,900 ሆኖ ከተገኘ ድምሩ 29,250 ነው፤ 750 ብር ጎድሏል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጉድለት ሲገኝ መጀመሪያ ሌባ አትፈልጉ። ወይ የባጃጅና የወዛደር ክፍያ ሳይጻፍ ቀርቷል፣ ወይ «ነገ እመልሳለሁ» ላለ ባልደረባ ያለ ወረቀት ተሰጥቷል። ለሁለቱም መላው አንድ ነው፦ ተከታታይ ቁጥር ያለው ቫውቸር (የወጪ ማረጋገጫ ቅጽ) ሳይሞላና ሳይፈረም ብር ከሣጥኑ አይወጣም። ከሣጥኑ ብድር ለማንም የለም፣ ለዲኑም ቢሆን።

መጠኑን ለመወሰን የሁለት ሳምንት አማካይ ወጪ ውሰዱና ግማሹን ጨምሩበት። በሁለት ሳምንት 20,000 ብር የሚያወጣ ክፍል 30,000 ይበቃዋል። ሲሶው፣ ማለትም 10,000 ብር ሲቀር መተኪያ ይጠየቅ። ሣጥኑ ባዶ እስኪሆን ከተጠበቀ ፋይናንስ ቼክ እስኪያዘጋጅ ድረስ ገዥው ከኪሱ ማውጣት ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ የማን ብር የቱ እንደሆነ መለየት ጭንቅ ነው።

ቢያንስ በወር አንዴ፣ ቀኑ ሳይነገር፣ ገንዘብ ያዡ ባለበት በሁለት ሰው ይቆጠር። ገንዘብ ያዥ ለሐዘን ወይም ለዓመት ፈቃድ ሲሄድ ቁልፉን ለጊዜው ብሎ ለጓደኛው ማስጨበጥ በጣም የተለመደ ነው፤ ፈጽሞ አትፍቀዱ። ተቆጥሮ፣ በርክክብ ቅጽ ተፈርሞ ብቻ ይተላለፍ።

ብሩ ከመውጣቱ በፊት

የሚጠይቀው፣ የሚያጸድቀው፣ የሚገዛው፣ ብር የሚሰጠውና ዕቃውን የሚረከበው የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑ መልካም ነው። ሰው በሌለበት ትንሽ ካምፓስ አምስቱን ማሟላት አይቻል ይሆናል። ያም ሆኖ የገዛው ሰውና የተረከበው ሰው አንድ መሆን የለባቸውም። ሌላው ቢላላ ይህ አይላላ።

የግዥ መጠየቂያው ላይ ዕቃው በሞዴል ቁጥሩ ይጻፍ። «ቶነር፣ ለኤችፒ፣ 2 ፍሬ» ብሎ የላከ ክፍል የማይሠራ ዕቃ ይመጣለታል። ፒ2035 የሚባለው ፕሪንተር 05ኤ ይወስዳል፣ ኤም401 ደግሞ 80ኤ፤ ሁለቱም ኤችፒ ናቸው። ማሸጊያው ከተከፈተ በኋላ ሻጩ አይመልስም፣ ብሩም ጠፋ ማለት ነው። ከሞዴሉ ጋር መለኪያው (ፍሬ፣ ፓኬት፣ ደስጣ፣ ሊትር)፣ የሚገመተው ዋጋና የበጀት ኮዱ ይግባ። 6212 ለጽሕፈት መሣሪያ፣ 6217 ለነዳጅ፣ 6231 ለውሎ አበል ነው። ኮዱን ገዥው በግምት ከሞላው ሒሳብ ሠራተኛው በየወሩ ማረሚያ ሲያዘጋጅ ይኖራል፤ ስለዚህ ጠያቂው ክፍል ራሱ ይሙላው፣ በጀት ክፍልም ቀሪ መኖሩን አይቶ ይፈርምበት።

ቅድሚያ ክፍያ ሲሆን ሦስት ነገር ይጨመራል፦ የሚወራረድበት ቀን በቁርጥ፣ በዚያ ቀን ካልተወራረደ ከደመወዙ እንዲቆረጥ ገዥው የሰጠው ፊርማ፣ እንዲሁም ከዚህ በፊት የወሰደው ያልተወራረደ ሒሳብ እንደሌለ የሒሳብ ክፍሉ ማረጋገጫ። ሦስተኛው ከሌለ የፊተኛው ቅድሚያ በኋለኛው ብር ይሸፈንና ሰውየው ዓመቱን ሙሉ ተሰብሳቢ መዝገብ ላይ (መሥሪያ ቤቱ ከሰው የሚጠብቀው ብር የሚጻፍበት) ይኖራል። የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ከዚህ ያጠረ ካልደነገገ፣ ከተማ ውስጥ ለሚገዛ ሰባት ቀን፣ አዲስ አበባ ወይም መስክ ለሚወጣ ከተመለሰ በኋላ ሰባት ቀን በቂ ነው። ወር የሚሰጥበት ምክንያት የለም።

ግዥን መከፋፈል፣ ማለትም ከተፈቀደው ጣራ ላለማለፍ አንዱን ግዥ በብዙ ደረሰኝ መበታተን፣ ክልክል መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ግን እየተደረገ ነው። ምልክቱ አንድ ሱቅ፣ አንድ ቀን ወይም ተከታታይ ቀናት፣ የደረሰኝ ቁጥራቸው የተቀራረበ፣ እያንዳንዳቸው ከጣራው ትንሽ ዝቅ ያሉ ክፍያዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚከፋፍለው ሰው ሊሰርቅ አይደለም፤ የዓመቱ የግዥ ዕቅድ ውስጥ ያላስገባው ዕቃ አስቸኩሎት ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ዕቃ በሩብ ዓመት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ ከሣጥኑ ከተገዛ ለግዥ ክፍል ይነገርና በመደበኛው ግዥ፣ በኤሌክትሮኒክ የግዥ ሥርዓቱ በኩል በጅምላ ይገዛ። ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሲሰበሰብም ከሦስት ሱቅ የመጡት ወረቀቶች የእጅ ጽሑፍ፣ የዕቃው ቅደም ተከተልና የፊደል ስሕተት አንድ ከሆነ አንድ ሰው ነው የጻፋቸው።

ሬጀንት (የላቦራቶሪ ኬሚካል) እና የላቦራቶሪ ዕቃ ደብረ ብርሃን ላይ አልገኝ ሲል ገዥው 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። አበሉና ነዳጁ ከዕቃው ዋጋ እንዳይበልጥ የየክፍሉን ፍላጎት ለሁለት ሳምንት አጠራቅሙና በአንድ ጉዞ ይምጣ።

ደረሰኝ

ገዥው ሱቁን ሳይለቅ፣ ባንኮኒው ላይ ቆሞ እነዚህን ይይ፦

- የሻጩ ስምና 10 አሃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፤
- የገዥው ስም፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው ስምና መለያ ቁጥር እንጂ የሠራተኛው የግል ስም አለመሆኑ፤
- የማሽን ደረሰኙ ቁጥርና ከግርጌ ያለው የማሽን መለያ፤
- ታክሱ። ጠቅላላው 4,600 ከሆነ ዋጋው 4,000፣ 15 በመቶው 600 ነው። ታክስ ሰብሳቢ ያልሆነ ሻጭ «ቫት» ብሎ በእጅ ከጨመረ አትክፈሉ፤
- የዕቃው ዝርዝር። ማሽኑ «ልዩ ልዩ» ብቻ ካተመ በእጅ የሚሞላ ማያያዣ ይጠየቅ፣ ማያያዣው ላይም የማሽን ደረሰኙ ቁጥር ይጻፍ።

የማሽን ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ይደበዝዛል። ኦዲተር ሲመጣ ነጭ ወረቀት የተያያዘበት ቫውቸር ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። በተገዛበት ቀን ፎቶ ኮፒ ይነሣና ኮፒው ከዋናው ጋር ይያያዝ። ጽሑፉ ላይ ስኮች አይለጠፍ፣ ላስቲክ ውስጥም አይቀመጥ፤ ሁለቱም ያጠፉታል።

ቀኑም ያምታታል። ማሽኑ የሚያትመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ቫውቸሩ ደግሞ በእኛ። ሒሳብ ሠራተኛው ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፍ። በተለይ በዓመት መዝጊያ 07/07 የሚለው ሰኔ 30 ነው፣ 08/07 ግን ሐምሌ 1፣ የአዲሱ በጀት ዓመት ወጪ ነው። በአንድ ቀን ልዩነት በጀቱ ይቀየራል።

ቅድመ ግብር (ዊዝሆልዲንግ)፣ ማለትም ገዥው ከሻጩ ክፍያ ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው፣ የሚቀነሰው ታክስ ከመጨመሩ በፊት ካለው ዋጋ ላይ ነው። በጥሬ ብር የሚገዛ ሠራተኛ ይህን ይረሳና ሙሉውን ከፍሎ ይመጣል፤ ሻጩም መልስ ሲባል አይመልስም። የገቢ ግብር ሕጉ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ጣራና መቶኛ አትመኑ፤ ፋይናንስ በሥራ ላይ ያለውን አጣርቶ ለገዥዎች በወረቀት ይስጥ። ገዥውም የመቀነሻ ደረሰኙን ጥራዝ ይዞ ይውጣ።

በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ሲከፈል ስልኩ ላይ የሚመጣው መልእክት ብር መሄዱን ያሳያል፣ ምን እንደተገዛ አያሳይም። መልእክቱም ደረሰኙም ይያያዙ። ብሩ በንግዱ ስም ወደተከፈተ መለያ እንጂ ወደ ሻጩ ወንድም ስልክ አይላክ። የማስተላለፊያ ክፍያውም ቫውቸሩ ላይ ለብቻው ይጻፍ፤ ጥቂት ብር ናት ተብላ ስትተው ሣጥኑን የምታጎድለው እሷ ነች።

ደረሰኝ የሌለው ሻጭ

ሰሜን ሸዋ ላይ ይህን መሸሽ አይቻልም። የእንስሳት ሳይንስ ክፍል ለሙከራ የመንዝ በግና ድርቆሽ የሚገዛው ከገበሬ ነው። ጓሳ (የመንዝ ጥብቅ ሥፍራ) ለናሙና የሚወጣ ቡድን በቅሎ ይከራያል፣ መንገድ መሪና ጫኝ ይቀጥራል። እነዚህ ሰዎች መለያ ቁጥርም ማሽንም የላቸውም፤ «ደረሰኝ አምጣ» ማለት ሰው ሐሰተኛ ደረሰኝ እንዲፈልግ መግፋት ነው። መፍትሔው ከመውጣት በፊት የጸደቀ ያለ ደረሰኝ ግዥ ማረጋገጫ ቅጽ ነው። የሻጩ ሙሉ ስም፣ ወረዳና ቀበሌ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነትና ብዛት፣ ያንዱ ዋጋ፣ ጠቅላላው በአሃዝና በፊደል፣ የሻጩ ፊርማ ወይም አሻራ፣ የግዥ ኮሚቴው ሦስት አባላት ስምና ፊርማ ይሰፍርበታል። ከጀርባው ኮሚቴው ገበያው ውስጥ ከሦስት ሻጮች የጠየቀው ዋጋ ይጻፍ።

በግ ሲሆን የጆሮ ቁጥሩ በተገዛበት ቀን ይመታና ቁጥሩና ክብደቱ ቅጹ ላይ ይግባ። አሥራ ሁለት በግ ተገዝቶ ቅጹ ላይ «በግ 12» ብቻ ካለ፣ ሁለቱ ሲሞቱ የትኞቹ እንደሞቱ፣ በስንት ብር እንደተገዙ የሚያውቅ የለም።

ቅጹ እዚያው ገበያ ላይ ይሞላ። ቢሮ ተመልሶ የተሞላ ቅጽ ራሱን ያጋልጣል፦ አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ እጅ ጽሑፍ፣ ሁሉም ዋጋ ሙሉ መቶ። እርግጥ ሙሉ መቶው አንዳንዴ ከመልስ እጦት ይመጣል። ገዥው የ200 እና የ100 ብር ኖት ብቻ ይዞ ከወጣ 1,850 የተባለውን 1,900 ይከፍላል። ገንዘብ ያዡ ለመስክ ሲሰጥ የተወሰነውን በ50 እና በ10 ዘርዝሮ ይስጥ።

ነዳጅ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ስለሆነ ሾፌሩ በግል ስልኩ ከከፈለ የግልና የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ይቀላቀላል። ለስምሪት ክፍሉ የተለየ ስልክ ቁጥር ይመደብ። ደረሰኙ ላይ ታርጋ፣ ሊትርና ሲቀዳ የነበረው የኪሎ ሜትር ንባብ ይጻፍ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 260 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 26 ሊትር ይበላል። ሸዋ ሮቢት ወርዶ የሚመለስ መኪና የጣርማበርን አቀበት ሲወጣ ከዚያ የባሰ ይበላልና ለዚያ መስመር ለብቻው በሙከራ የተገኘ ልክ ይያዝ። አለዚያ ሐቀኛው ሾፌር ይወቀሳል፣ ሌላው በሜዳው መስመር ያተርፋል።

መጋዘን

ከሣጥን የተገዛም ቢሆን ዕቃ ነው። በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ ክፍሉ በሞዴል 20 ይጠይቃል፣ በሞዴል 22 ይወጣል። አንድ ደስጣ ወረቀት በዚያው ቀን ገብቶ በዚያው ቀን ቢወጣም ሁለቱም ይቆረጡ፤ ሞዴል 19 ያልተያያዘበት ሒሳብ አይወራረድም። ቋሚ ንብረት ከጥቃቅን ወጪ አይገዛ፤ ፕሪንተር በሣጥን ብር ከገባ መለያ ቁጥር ሳይለጠፍበት ይቀርና ክፍል ሲቀይር አብሮ ይጠፋል።

ክትትልና ሰኔ

ሒሳብ ክፍሉ በየሰኞው የተሰብሳቢ ዝርዝር ያውጣ፦ ስም፣ መጠን፣ የወጣበት ቀን፣ ያለፉት ቀናት ብዛት። እስከ 7 ቀን ያለውን ተዉት። ከ8 እስከ 15 ለባለቤቱ ይደወል። ከ15 ካለፈ ለቅርብ ኃላፊው በደብዳቤ ይሂድ፤ 30 ከሞላ ለደመወዝ ክፍል ተልኮ ይቆረጥ። ደብዳቤው ይሉኝታ አይወቅ፤ አንዴ ለአንድ ዶክተር ከታለፈ ለጽዳት ሠራተኛዋ ማስፈጸም አይቻልም። ለትምህርት የሚሄድና ሥራ የሚለቅ ሰው ክሊራንሱ ላይ ተሰብሳቢ ክፍሉ ሳይፈርም ደመወዙ አይዘጋ።

በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚያልቅ ሰኔ ላይ ሁሉም ሰው መግዛት ያምረዋል። ከሰኔ 10 በኋላ አዲስ ቅድሚያ አይሰጥ፣ ከሰኔ 25 በፊት ሁሉም ይወራረድ፣ የተረፈው ጥሬ ብር ወደ ባንክ ገብቶ የገቢ ደረሰኙ ይያያዝ። ይህ ሰሌዳ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ለየክፍሉ ይላክ። የሰኔ ደረሰኝ ሐምሌ ላይ ይዞ የመጣ ሰው ወረቀቱ ቀኑ ሳይነካ ይወሰድለት፤ ያለፈው ዓመት ሒሳብ ገና ካልተዘጋ እዚያው ይመዝገብ፣ ከተዘጋ ግን ምክንያቱን በጽሑፍ አቅርቦ የፋይናንስ ኃላፊው ይወስንበት።