የገና ዛፍ እስከ ታኅሣሥ 29 ሳይረግፍ እንዴት ይቆያል?

አሜሪካ ውስጥ እውነተኛ የገና ዛፍ የሚገዛ ሐበሻ ጎረቤቱ የሌለበት ጣጣ አለበት። ጎረቤቱ ዲሴምበር 25ን ካከበረ በኋላ ዛፉ ቢደርቅ ደንታ የለውም። አንዳንዱ እንዲያውም በማግስቱ አውጥቶ መንገድ ዳር ያስቀምጠዋል። የእኛ ዛፍ ግን ገና 13 ቀን ይቀረዋል። በታንክስጊቪንግ ሰሞን፣ የነቢያት ጾም ሲገባ የተገዛ ዛፍ ደግሞ ጾሙ እስኪፈታ 40 ቀን ያህል ሞቃት ሳሎን ውስጥ መቆም ሊኖርበት ነው። ሻጩን ብትጠይቁት "አታስቡ፣ እስከ ገና ይቆያል" ይላችኋል። የሱ ገና ሌላ፣ የኛ ገና ሌላ።

ግን ይቻላል። ደህና ዓይነት መርጦ፣ በሥርዓቱ ቆርጦ፣ ውሃ ሳያቋርጡ ማጠጣት ነው። ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ቀን ሥራ ነው። እሱ ከተበላሸ በኋላ የሚደረግ ነገር ብዙም አይጠቅምም።

ምን ዓይነት፣ መቼ

ምሥራቅ አሜሪካ ላላችሁ መልሴ አጭር ነው፤ ፍሬዘር ፈር። ከሰሜን ካሮላይና ተራሮች በብዛት የሚመጣው፣ ቅጠሉ ከሥር በኩል ብርማ የሆነው ዛፍ ነው። ቅጠሉን አጥብቆ ይይዛል፣ ቅርንጫፉም ጌጥ ለመሸከም ጠንካራ ነው። ባልሳም ፈር ሽታው ይበልጣል፤ ቤቱ ዛፍ ዛፍ እንዲሸት የሚፈልግ እሱን ይውሰድ። ዋይት ፓይን ቅጠሉ ባይረግፍም ቅርንጫፉ ልምሾ ስለሆነ ከባድ ጌጥ ሲሰቀልበት ይጎብጣል። ስፕሩስ የሚባሉትን ግን ለኛ አልመክርም። ሙቀት ቤት ውስጥ ቶሎ ይረግፋሉ። አውሮፓ ያላችሁም እንደዚሁ፣ ኖርድማን ከርካሹ ስፕሩስ ዋጋው ቢወደድም ገና ላይ የሚያደርሳችሁ እሱ ነው።

ጊዜው ከዓይነቱ አይተናነስም። መንገድ ዳር የሚሸጡት ዛፎች ብዙዎቹ በኖቬምበር ተቆርጠው በጭነት መኪና የመጡ ናቸው። ስለዚህ ልጆቹ ቢነዘንዙም ቢያንስ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ታገሡ። የተሻለው ደግሞ ራሳችሁ ገብታችሁ የምትቆርጡበት እርሻ መሄድ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያሉ እርሻዎች ሞልተዋል። ዲሴምበር 15 ከሥሩ የተቆረጠ ዛፍ እስከ ጃንዋሪ 7 የሚጠበቅበት 23 ቀን ብቻ ነው። ለፍሬዘር ይህ ምንም ማለት አይደለም። እርሻ ስትሄዱ ግን ቀድማችሁ ደውሉ፤ አንዳንዶቹ በወሩ መጀመሪያ ሸጠው ይጨርሳሉ።

ከተቆረጡት የምትገዙ ከሆነ ቅርንጫፉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳብ አድርጉት። እጃችሁ ላይ ብዙ አረንጓዴ ቅጠል ከቀረ ተዉት። ከዚያ ዛፉን ትንሽ አንስታችሁ ግንዱን መሬት ላይ ደቅ አድርጉት። ከውስጥ ቡናማ ቅጠል ቢወርድ ችግር የለውም፣ የድሮ ቅጠል ነው። ከዳር አረንጓዴው ከዘነበ ግን ወደሚቀጥለው እለፉ። ሻጩ ቢገላምጣችሁም ግድ የለም።

መኪና ላይ ስትጭኑ ግንዱን ወደ ፊት፣ ጫፉን ወደ ኋላ አድርጉ። ነፋሱ ቅጠሉ ወደተኛበት አቅጣጫ ይሄዳል። ሀይዌይ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍኑት።

ቆረጣው

አሁን ወደ ዋናው። ዛፍ ከተቆረጠ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የተቆረጠው ቦታ በሙጫ ይደፈናል፤ አየርም ውሃ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይገባል። እንደዚያ ያለ ግንድ ባሕር ውስጥ ብትተክሉት አይጠጣም። ስለዚህ ማቆሚያው ላይ ከማድረጋችሁ በፊት ከግንዱ ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደገና መቆረጥ አለበት። ከሙጫው ለማለፍ ይህ ይበቃል። ነጣ ያለና እርጥብ እንጨት ሲወጣ ታዩታላችሁ።

ሻጮች በነጻ ይቆርጡላችኋል። ቀጥታ ወደ ቤት የምትሄዱ ከሆነ ይቁረጡላችሁ፤ ከተቆረጠ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል ያለ ውሃ ቢቆይ ብዙ አይጎዳም። ከዚያ ወዲያ ዘመድ ቤት ጎራ ብላችሁ፣ እዚያው እራት በልታችሁ፣ ዛፉን በማግስቱ ለማቆም ካሰባችሁ ግን የተቆረጠው በከንቱ ነው። ያኔ ራሳችሁ ቤት ቁረጡት። ወይም አስቆርጡና ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ጋራዥ አቁሙት፤ ተመችቶት ያድራል።

አቆራረጡ ቀጥ ያለ ይሁን። አበባ ስንቆርጥ የለመድነው ሰያፍ ቆረጣ እዚህ አይሠራም። ዛፉ ይንገዳገዳል፣ ከተቆረጠው ገጽ ከፊሉም ቶሎ ከውሃ በላይ ይቀራል። ግንዱን መሃል ለመሃል መብሳትም ጥቅም የለውም። ውሃ ወደ ላይ የሚወጣው በዋናነት ከቅርፊቱ ሥር ባለው ውጫዊ የእንጨት ክፍል ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘውና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ይኸውላችሁ። የባለቤቴ ወንድም አንድ ዓመት የገዛው ዛፍ ግንድ ለማቆሚያው ወፈረበት። ምን ያድርግ፣ ቢላዋ አነሣና ዙሪያውን እንደ እርሳስ ቀረጸው። ግጥም ብሎ ገባለት። በማግስቱ ውሃው አልቀነሰም። በሦስተኛው ቀንም ያው። "የኔ ዛፍ ውሃ አያስቸግርም" እያለ ሲመጻደቅ ሰነበተ። ዛፉ አልጠማውም ብሎ ነበር። እንዲያውም መጠጫውን ነበር የላጠው። ዲሴምበር 25 ላይ ጌጡን ለማስተካከል ቅርንጫፍ የነካ ሰው ከእጁ ሥር ቅጠሉ እንደ በረዶ ይወርድ ጀመር። ለጃንዋሪ 7 ባዶ እንጨት ቀረለት።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። ግንዱ ካልገባ ትልቅ ማቆሚያ ግዙ እንጂ ቅርፊቱን አትላጡ። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃው ካልቀነሰ ደስ አይበላችሁ። ጌጡ ሳይበዛ አውርዳችሁ እንደገና ቁረጡት።

መጋዙ ጥርሱ ሰፋፊ የሆነ የእርጥብ እንጨት መጋዝ ይሁን። ለጣውላ የሚሆነው ጥርሰ ደቃቅ መጋዝ በሙጫ ይያዝና መሃል ላይ ያቆማችኋል። የዳቦ ቢላዋ ይዘው የሚታገሉም አይቻለሁ፣ አስተያየት የለኝም። እጃችሁ ላይ የተጣበቀውን ሙጫ ሳሙና ብቻውን አያስለቅቀውም። መጀመሪያ የምግብ ዘይት እሹበት፣ ከዚያ ታጠቡ።

ማቆሚያውና ውሃው

ዛፉ ላይ ገንዘብ የሚያፈስ ሰው ማቆሚያው ላይ ይቆጥባል። እኔ ቢሆን የተገላቢጦሽ ነው የማደርገው፤ ዛፉ የአንድ ዓመት ነው፣ ማቆሚያው ግን ዓመት ዓመት ያገለግላል። መለኪያው እንዲህ ነው፤ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የግንድ ስፋት 1 ሊትር ያህል ውሃ የሚይዝ መሆን አለበት። ግንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 4 ሊትር መያዝ አለበት፤ ያውም ግንዱ ገብቶበት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። ዛፉን ካቆማችሁ በኋላ በጆግ እየለካችሁ ሙሉት፣ ስንት እንደሚይዝ ያኔ ይታወቃል።

በመጀመሪያው ቀን ዛፉ 4 ሊትር ያህል ሊጠጣ ይችላል። ስለዚህ ያን ቀን ከመተኛታችሁ በፊት እዩት። በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ጠዋትና ማታ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። ዛፉ ሥር የሚነጠፈው ጨርቅ ማቆሚያውን ስለሚሸፍነው ሰው ውሃውን ይረሳዋል፤ ከአንድ ጎን አጥፋችሁ ተዉት። ለማጠጣት በሆድ መሳብ የሰለቸው ሰው ረዘም ያለ ቀጭን ቱቦ አፉ ላይ ማንቆርቆሪያ ገጥሞ ከቅርንጫፎቹ መሃል ያሾልከው። ቆማችሁ ታጠጣላችሁ።

ውሃው ከተቆረጠው ገጽ በታች እንዳይወርድ። ለአንድና ሁለት ሰዓት ቢወርድ ቶሎ ሞልቶ መቀጠል ነው። ሙሉ ቀን ደርቆ ከዋለ ግን ሙጫው ተመልሶ ይደፍነዋል። መፍትሔውም ያው እንደገና መቁረጥ ነው፤ ጌጥና መብራቱን ሁሉ አውርዶ ማለት ነው።

ውሃው ውስጥ ምን ይጨመር? ምንም። ስኳር፣ አስፕሪን፣ ለስላሳ፣ በረኪና፣ ሱቅ የሚሸጠው ዱቄት፣ ሁሉም ይቅርባችሁ። የቧንቧ ውሃ ይበቃል። ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ ለውጥ የለውም። ቤት ድመት ወይም ውሻ ካለ ደግሞ ከዚያው ውሃ መላሱ አይቀርም።

ሙቀትና እሳት

የአሜሪካ ቤት በክረምት ሂተሩ አየሩን ያደርቀዋል፤ ከንፈራችንን የሚሰነጥቀው አየር ዛፉንም ያደርቃል። ከሂተሩ አየር መውጫ፣ ከምድጃና ቀን ሙሉ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁት። ዛፉ አጠገብ ያለውን መውጫ መዝጋት ከቻላችሁ ዝጉት። ሌሊት ሙቀቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ዛፉንም የመብራት ሒሳቡንም ይጠቅማል። መብራቱ ኤልኢዲ ይሁን፣ ሙቀቱ ትንሽ ነው። ስትተኙና ከቤት ስትወጡ አጥፉት።

አሁን የእኛን ቤት የሚመለከተው። በዓል ነው፣ ቡና ይፈላል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ እጣን ይጤሳል፣ ሻማ ይበራል። ሳሎኑ ጠባብ ከሆነ ረከቦቱ የሚዘረጋው ዛፉ አጠገብ ነው። ማንኛውም እሳት ከዛፉ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። ከሰሉንና ማጨሻውን ወደ ሌላው ጥግ ብትወስዱት ደግሞ ይሻላል። አሜሪካ ውስጥ በተደረጉ የቃጠሎ ሙከራዎች ደረቅ ዛፍ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሙሉ በሙሉ ሲነድ ታይቷል። ውሃ ሲጠጣ የቆየው ግን በቀላሉ አይቀጣጠልም። ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ በየሁለት ቀኑ ቅርንጫፉን ዳሰስ አድርጉት። ቅጠሉ ሲነካ ተሰብሮ የሚወርድ ከሆነና ውሃ መጠጣቱን ካቆመ፣ ገና ባይደርስም መብራቱን ነቅላችሁ አውጡት። አረንጓዴ የቀሩትን ቅርንጫፎች ቆርጣችሁ በአበባ ማስቀመጫ ውሃ ውስጥ ብታደርጓቸው ለገና ጠረጴዛ ይደርሳሉ።

አዲስ አበባ ላላችሁ

እዚያ የቤት ሂተር ስለሌለ ዛፍ ማቆየት ይቀላል። የተለመደው ጽድ ቆርጦ አሸዋ በሞላ ባልዲ ውስጥ መትከል ነው። አሸዋው ግን ቶሎ ይደርቃል፤ ደረቅ አሸዋ ደግሞ ዛፉን ከማቆም አልፎ አይረዳውም። በአሸዋው ፋንታ ደህና ደህና ድንጋይ እየወተፋችሁ አቁሙትና በመሃሉ ውሃ ሙሉበት። የአገራችን ጽድ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ጫካውም የተመናመነ ዛፍ ነው። ስለዚህ ከችግኝ ሻጮች በማሰሮ ያለ ችግኝ ገዝቶ ማስጌጥ ይሻላል። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ፤ መስኮት አጠገብ አስቀምጡት፤ ከ10 ቀን በላይ ቤት ውስጥ ባይቆይ ጥሩ ነው። ከዚያ ደጅ አውጥታችሁ እያጠጣችሁ ሰኔና ሐምሌ ላይ ትተክሉታላችሁ።

ከበዓሉ በኋላ

ዋሽንግተን ዙሪያ ብዙ ካውንቲዎች ዛፍ ከየቤቱ የሚሰበስቡት በጃንዋሪ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ነው። ለኛ ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚተርፈን። የሰፈራችሁን የመጨረሻ ቀን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ጌጥና መብራቱን አንድም ሳታስቀሩ አውርዱ፣ ፕላስቲክ ውስጥ አትክተቱት። ከማንሣታችሁ በፊት ማቆሚያው ውስጥ የቀረውን ውሃ በአሮጌ ፎጣ ምጠጡት፤ አለዚያ ምንጣፉ ላይ ነው የሚደፋው። ዛፉን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልላችሁ አውጡ። የረገፈውን መጀመሪያ በመጥረጊያ፣ ከዚያ በቫኪዩም፤ ቅጠሉ በብዛት ከገባ ቫኪዩሙን ይደፍነዋል። ምድጃ ውስጥ ማንደድ አይሞከርም፣ ሙጫው ጭስ መውጫውን ያበላሻል። ቀኑ ካለፈባችሁና ጓሮ ካላችሁ ቅርንጫፎቹን ቆራርጣችሁ አበባው ሥር አልብሱት፣ ግንዱን ደግሞ ካውንቲው የጓሮ ቆሻሻ በሚሰበስብበት ቀን አውጡት።