ጎልፍ በእግር ይለጋል፦ ክብደትን ከቀኝ ወደ ግራ ማሻገር

በጎጃም መስክ ገና ሲለጋ ላደገ ሰው የጎልፍ ዱላ ሲጨብጥ የሚያስቸግረው የኳሷ ቆሞ መጠበቅ ነው። ጥንጓ እየተንከባለለች ስለምትመጣ ሮጦ፣ ጎንበስ ብሎ በክንድ መለጋት ያዋጣል። ጎልፍ ላይ ግን ክንድ ብቻውን ሩቅ አያደርስም። ጉልበቱ ከመሬት ተነስቶ በእግር፣ በዳሌና በትከሻ አልፎ ነው እጅ ላይ የሚደርሰው። እዚህ የተጻፈው ለቀኝ እጅ መቺ ነው፤ ግራኝ የሆነ ገልብጦ ያንብበው።

በ7 ቁጥር ብረት፣ ማለትም ራሷ ብረት በሆነች መካከለኛ የጎልፍ ዱላ፣ ስትመቱ እግራችሁን በትከሻ ስፋት ክፈቱ፣ ጉልበታችሁን አላሉ፤ ጀርባችሁን ሳታጎብጡ ከዳሌ መታጠፊያ ጎንበስ በሉ። ክብደቱ በሁለቱ እግር ላይ እኩል ይሁን፤ ተረከዝም ጣትም ላይ ሳይሆን መሃል እግር ላይ ይረፍ። ለድራይቨር፣ ማለትም ኳስ ሩቅ ለሚሰደድበት ረጅም ዱላ፣ እግር ትንሽ ይሰፋል፣ ኳሷም ወደ ግራ ተረከዝ ትጠጋለች። ኮንጎ ጫማ እርጥብ ሣር ላይ ያንሸራትታል፤ መሬቱን የማይቆነጥጥ እግር ደግሞ ክብደት አያሻግርም።

ቀጥሎ መዞር ነው። ዱላ ትከሻ ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን አንጠልጥሎ መሄድን ለጎጃም ገበሬ የሚያስተምረው የለም። እንደዚያው ሁናችሁ ጎንበስ በሉና የዱላው ግራ ጫፍ ኳሷ ወዳለችበት መሬት እስኪያመለክት ወደ ቀኝ ዙሩ። ትከሻ 90 ዲግሪ፣ ዳሌ 45 ዲግሪ ገደማ ሲዞር ሆድና ጀርባ ይወጠራል፤ ያ ውጥረት ነው በኋላ የሚለቀቀው። ክብደቱ የሚሰማችሁ በቀኝ እግር ውስጠኛ ጎን ነው። ወደ ውጭው ጠርዝ ከተንከባለለ ዞራችሁ ሳይሆን ተንሸራታችሁ ነው፤ ከዚያ መመለስ ይከብዳል። ከቀኝ ጫማችሁ ውጭኛ ጠርዝ ስር ቀጭን እንጨት ብታስገቡ መንከባለሉ ይቆማል።

ብዙ ሰው የሚስተው ጊዜውን ነው። ቀኝ እግር ከፍተኛውን ጫና የሚሸከመው ዱላዋ ወደ ኋላ ተነስታ ከፍታዋ ጫፍ ስትደርስ አይደለም፤ ከዚያ ቀድሞ፣ ግራ ክንድ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን ገደማ ነው። ዱላዋ ገና ወደ ላይ እየሄደች ጫናው ወደ ግራ እግር መመለስ ይጀምራል። ማሳ ላይ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ድንጋይ ሲወረውር ልብ በሉ፤ ክንዱ ገና ኋላ ሳለ የፊት እግሩ አርፏል። ጎልፍም እንደዚያው ነው፤ ግራ እግር ይረግጣል፣ ዳሌ ይከፈታል፣ ትከሻ ይከተላል፣ እጅና ዱላ ኋላ ይመጣሉ። ትከሻ ከቀደመ ዱላዋ ከውጭ ወደ ውስጥ ትቆርጣለች፣ ኳሷም ብዙ ጊዜ ወደ ቀኝ ትጠመዘዛለች።

ኳሷ ስትመታ ከክብደቱ 80 በመቶ ገደማ ግራ እግር ላይ ነው፣ የቀኝ ተረከዝም ከመሬት መላቀቅ ጀምሯል። መጨረሻ ላይ ቀበቷችሁ ወደ ዒላማው ዞሮ፣ በግራ እግር ትቆማላችሁ፤ ከቀኝ እግር መሬት የሚነካው የጣቱ ጫፍ ብቻ ነው። ቀኙን አንስታችሁ እስከ 3 መቁጠር ካልቻላችሁ ክብደቱ ኋላ ቀርቷል።

ኋላ የሚያስቀረው በአብዛኛው ኳሷን ከስር ላንሳት የማለት ሐሳብ ነው። የ7 ቁጥር ፊት 30 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ስለሆነ ማንሳቱ የእሱ ሥራ ነው። እናንተ ወደ ኋላ ስትለጠጡ ዱላዋ ከኳሷ በፊት መሬት ትገርፋለች፤ ያመለጠች እንደሆነ ደግሞ ወደ ላይ ስትነሳ የኳሷን አናት ትጭራለች። ሁለቱ ጥፋቶች ተቃራኒ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው።

ይህን ለማየት መሬት ላይ በአመድ መስመር አስምሩና ያለ ኳስ ምቱ። ዱላዋ መሬት የነካችበት ቦታ ከመስመሩ ላይ ወይም ወደ ዒላማው አልፎ ከሆነ ደህና ነው፤ ከኋላው ከሆነ ግራ እግር ዘግይቷል። ማረሚያው ቀላል ነው። እግራችሁን ገጥማችሁ ቁሙ፣ ዱላዋ ወደ ላይ ስትሄድ በግራ እግር ወደ ዒላማው አንድ እርምጃ ርገጡ፣ ከዚያ ምቱ። 10 ጊዜ ያለ ኳስ፣ 10 ጊዜ በግማሽ ኃይል ከኳስ ጋር።

ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ኳስ ከቆላው ይልቅ ትርቃለች፤ ይህን እንደ ችሎታ አትቁጠሩት።

መሬት የምትነካ ምት ልምምድ በበጋ በተሰነጣጠቀ ዋልካም ሆነ በአውድማ ላይ አይሞከርም፤ ዱላዋ ነጥራ የእጅ አንጓን ትጎዳለች። አውድማው ዱላ ትከሻ ላይ አድርጎ ለመዞር ይሁን፤ ለመምታት ሣር ያለው ለስላሳ መስክ ፈልጉ።