ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትሄዱ ቤቱንም እዩ

ባሕር ዳር ቤት ያለው ሰው እንግዳ አይጠፋበትም። መጥቶ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ "ዘጌ ውሰጂን" ይለኛል። ዘጌ ጣና ሐይቅ ውስጥ የገባ መሬት ነው፤ የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ያለው እዚያ ነው። እወስዳለሁ። ግን አብዛኛው እንግዳዬ ገና ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዘሎ ሥዕሉ ጋ ነው። ስልክ አውጥቶ ያነሳል፣ ያነሳል፣ ከዚያ "ቀጥሎስ ወዴት ነው?"። አባቴ ሣር ቤት የሚከድን ሰው ስለነበር የእኔ ዓይን ቀድሞ ወደ ጣሪያ ነው የሚሄደው። እና የእኔ ምክር ትንሽ ለየት ይላል።

በመጀመሪያ የመንገዱን ሁኔታ እዚህ የሚኖር ሰው ጠይቁ። ዘንድሮ ይህ ሳይጠየቅ የትም አይኬድም። ከዚያ በጠዋት ተነሱ። ጣና ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳበታል፣ ማዕበሉም ቀልድ አይደለም። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ቁረጡ፤ መመለሻውንና እዚያ የሚጠብቃችሁን ሰዓት ጨምሮ። የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ከደንገል የተሠራ ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ካያችሁ ነጂው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ንገሩት፤ የሞተሩ ሞገድ ያንገላታቸዋል።

ነጂው "ክብራን ገብርኤል መንገዳችን ላይ ነው፣ እናቁም?" ሊላችሁ ይችላል። የደሴት ገዳም ነው፤ እዚያ ሴት አይገባም። ወንዶቹ ገብተው እስኪወጡ እኛ ሴቶች ዳር ላይ ድንጋይ ስንቆጥር እንቆያለን። ዑራ ግን ለሁላችንም ክፍት ነው።

ከጀልባ ወርዳችሁ በጫካው ውስጥ ትንሽ ሽቅብ ትሄዳላችሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው ስለሚያንሸራትት የሚይዝ ጫማ አድርጉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስለምታወልቁት ማሰሪያ የሌለው ቢሆን ይሻላል። ግራ ቀኙ ቡና ነው። ገዳሙን በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም መቋሚያቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። ዘጌ ላይ በበሬ ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለውም በሳቸው ቃል ነው ይላሉ። ጎጃም ውስጥ ያልታረሰ ሜዳ ማግኘት ከባድ ነው፤ እዚህ ግን ጫካው እስከ ዛሬ አለ። መንገድ ላይ ትንንሽ ታንኳና ሥዕል የሚሸጡ ልጆች ይከተሏችኋል። የምትገዙ ከሆነ "ስመለስ" በሏቸው፣ ስትመለሱም ቃላችሁን ጠብቁ። ያስታውሷችኋል።

ግቢው ውስጥ ስትገቡ ወደ በሩ አትሩጡ። መጀመሪያ ቤቱን ዙሩት። ክብ ቤት ነው። ከላይ ጉልላቱን እዩ፤ የሰጎን እንቁላል አለበት። ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማትነቅል እግዚአብሔርም ከሰው አይነቅልም ለማለት ነው። ቀጥሎ ጭቃውን ግድግዳ እዩት። የእንጨትና የጭቃ ቤት ጠላቱ ውኃ ነው። ጣሪያው እንደዚያ ሾጥጦ የቆመው፣ ጫፉም ከግድግዳው ርቆ የወጣው ለዚህ ነው። ሣር ለጥ ባለ ጣሪያ ላይ ውኃ ይይዝና ይበሰብሳል። አባቴ "ሣር ቤት ከጫፉ ነው የሚሞት" ይል ነበር። ስለዚህ የትኛውም የሳር ቤት ጋ ስትደርሱ ጫፉን ተመልከቱ።

ቤቱ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው ሲባል እንጨቱም ጭቃውም የዚያን ጊዜ ነው ማለት አይደለም። ክዳን ይለወጣል፣ ጭቃ ይለሰናል፣ የነቀዘ እንጨት ይወጣል። አንዳንድ እንግዳ ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል። እኔ ደግሞ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ይህን ያህል ዘመን ሳይሰለች የጠገነ ሰው መኖሩ።

አሁን ግቡ። ሴቶች ነጠላ ልበሱ፣ ወንዶች ባርኔጣ አውልቁ። ቤቱ ሦስት ክፍል ነው። ውጭኛው ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መካከሉ ታቦቱ ያለበት መቅደስ። መቅደሱን የሚገቡት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ናቸው። ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው፤ አብዛኛው የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። የስልካችሁን ፍላሽ አጥፉ። መጋረጃውን ራሳችሁ አትግለጡ፣ አባ ይገልጡላችኋል።

ሥዕሉ የተሣለው በቀጥታ ጭቃው ላይ አይደለም። በጨርቅ ላይ ተሥሎ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ጠጋ ብላችሁ (ሳትነኩ) የጨርቁን መጋጠሚያ ፈልጉ። ከዚያ ዓይን ዓይናቸውን እዩ። ጻድቅ የሆነ ሁሉ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው በጎን ስለሚሣል አንድ ዓይን ብቻ አለው። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ በዚህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይጫወታሉ። በጣና ገዳማት የፈርዖንን ጭፍራ ጠመንጃ ይዞ ብታዩ አትደነቁ፤ ሠዓሊው በዘመኑ ያየውን ወታደር ነው የሣለው።

ዝም ብላችሁ ከምትዞሩ አንድ ነገር ጠይቁ። እኔ ሁልጊዜ "አባ፣ በላዔ ሰብእ የትኛው ነው?" እላለሁ። እስከዚያ በአጭሩ ሲያስረዱ የነበሩት አባት ያኔ ይነቃሉ። 78 ሰው የበላው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም የሰጠው ጥርኝ ውኃ፣ ነፍሱ የተመዘነችበት ሚዛን። ቤቱ የኪዳነ ምሕረት ስለሆነ ይህ ታሪክ እዚህ ሲነገር ይጥማል። የካቲት 16 ቀን በዓሏ ነው። ለማንገሥ ከሆነ ያን ቀን ሂዱ። ሥዕል ለማየት ከሆነ ግን ሌላ ቀን ይሻላል፤ በሕዝቡ መሃል ግድግዳው አይታይም።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ የነገሥታት ዘውዶች አሉ። እውነቱን ልናገር፣ እኔን ብዙ አይስቡኝም። የብራናው መጽሐፍ ግን ይከፈትልኝ ብላችሁ ጠይቁ። ቆዳው ላይ የተሠመረውን የመስመር ጭረት ፈልጉ፤ ጸሐፊው ቀጥ አድርጎ የጻፈው በሱ ነው። መግቢያውን ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። ለአስረጂው የምትሰጡት ከዚያ ውጭ ነው፣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ስትወጡ ቡና ግዙ፣ ጥሬውን። ቆልታችሁ ብትሸጡልን ብላችሁ አታስቸግሯቸው። ከ7 ሰዓት በፊት ጀልባው ላይ ሁኑ። የራበው ካለ ቀረሶው፣ የጣናው ዓሣ፣ ባሕር ዳር አለ፤ ዓርብ ረቡዕ ከሆነ ደግሞ ሽሮም አይጠፋም።