በእንግሊዝኛ ሪሌቲቭ ክሎዝ ሳይሳሳቱ እንዴት እንደሚሠራ

«ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ ጠፋ» ስንል «የገዛሁት» የምትለው አንድ ቃል ብዙ ሥራ ትሠራለች። «የ» ቀጥሎ የሚመጣው ስም እየተገለጸ መሆኑን፣ «ሁ» ገዢው እኔ መሆኔን፣ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ደግሞ የተገዛውን ነገር ትጠቁማለች። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ ለየብቻ በቆሙ ቃላት ነው የሚናገረው። አማርኛ ተናጋሪዎች ሪሌቲቭ ክሎዝ (እንደ «የገዛሁት» ስምን የሚገልጽ ሐረግ) ላይ ከምንሠራቸው ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከዚህ ልዩነት ነው።

ሲጀመር ሐሳቡን በሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጻፉት፦ «ዘ ቡክ ኢዝ ሎስት» እና «አይ ቦት ኢት የስተርዴይ»። ከዚያ በሁለቱም ውስጥ ያንኑ ነገር የሚያመለክቱትን ቃላት ለዩ፤ እዚህ «ዘ ቡክ» እና «ኢት» ናቸው። ቀጥሎ «ኢት»ን አውጡና በምትኩ «ዛት» ወይም «ዊች» የሚለውን ሐረጉ መጀመሪያ ላይ አድርጉ፦ «ዛት አይ ቦት የስተርዴይ»። በመጨረሻ ሐረጉን ከስሙ ኋላ አስገቡት፦ «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት የስተርዴይ ኢዝ ሎስት»። በአማርኛ ገላጩ ስሙን ይቀድማል፤ በእንግሊዝኛ ስሙን ይከተላል፣ ያውም በተቻለ መጠን ተጠግቶ።

ትልቁ ስህተት «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት» ማለት ነው። «የገዛሁት» ላይ ያለችውን «ት» ለመተርጎም ስንሞክር «ኢት» ሾልካ ትገባለች። ግን ቦታዋን «ዛት» ወስዶታል፤ አንድ ተሳቢ ሁለቴ አይጠራም። ባለቤቱም እንዲሁ ነው፦ «ዘ ማን ሁ ሂ ካልድ ሚ» ስህተት ነው፣ «ሂ» ይውጣ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሐረጉን ለብቻው አንብቡና «ኢት»፣ «ሂም»፣ «ሂ» ተርፈው እንደሆነ ፈትሹ።

መስተዋድድ ላይ ችግሩ ይገለበጣል። «የምኖርበት ቤት» ውስጥ ያለው «በት» ይረሳና «ዘ ሃውስ ዛት አይ ሊቭ» ተብሎ ይቀራል። ትክክሉ «ዘ ሃውስ ዛት አይ ሊቭ ኢን» ወይም «ዘ ሃውስ ዌር አይ ሊቭ» ነው። «ዌር» ካለ «ኢን» አያስፈልግም። ደግሞ ስሙ ቦታ ስለሆነ ብቻ «ዌር» አይገባም፦ «የገዛሁት ቤት» ለማለት «ዘ ሃውስ ዊች አይ ቦት» ነው የሚባለው፣ ምክንያቱም ቤቱ የተገዛ ነገር እንጂ ድርጊቱ የተፈጸመበት ስፍራ አይደለም።

ምርጫው ራሱ ቀላል ነው፦ ለሰው «ሁ»፣ ለነገር «ዊች»፣ ለሁለቱም «ዛት»፣ የማን መሆኑን ለመግለጽ «ሁዝ»። «ልጇ የታመመባት ሴት» «ዘ ዉማን ሁዝ ሰን ኢዝ ሲክ» ትሆናለች፤ ከ«ሁዝ» በኋላ «ኸር» አይጨመርም። ከ«ሁ»፣ ከ«ዊች» ወይም ከ«ዛት» ቀጥሎ ግስ ከመጣ ቃሉን መተው አይቻልም። ሌላ ባለቤት ከመጣ ግን መተው ይቻላል፦ «ዘ ቡክ አይ ቦት»።

ኮማ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፣ አማርኛችን ይህን ልዩነት በሥርዓተ ነጥብ ስለማያሳይ። «ዱባይ የሚኖረው ወንድሜ» ሲባል ሌሎች ወንድሞች ይኑሩኝ አይኑሩኝ አይታወቅም። በእንግሊዝኛ «ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ ኢን ዱባይ» ያለ ኮማ ከተጻፈ፣ ከወንድሞቼ መካከል የዱባዩን መለየቴ ነው። «ማይ ብራዘር፣ ሁ ሊቭስ ኢን ዱባይ፣ ኢዝ ኤ ነርስ» ከሆነ ግን የትኛው ወንድም እንደሆነ ታውቋል፤ ዱባይ መኖሩ ተጨማሪ መረጃ ብቻ ነው። በሁለት ኮማ መካከል ባለ ሐረግ «ዛት»ን አትጠቀሙ፤ «ሁ» ወይም «ዊች»ንም አትተዉ።

ኮማና «ዊች» አንድ ላይ ሆነው ሙሉ ዓረፍተ ነገርንም ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ የእኛን «ይህም» ይተካሉ። «ፈተናውን አለፈ፣ ይህም ሁላችንንም አስደሰተን» ለማለት፦ «ሂ ፓስድ ዘ ኤግዛም፣ ዊች ሜድ አስ ኦል ሃፒ»። ኮማዋ ከተረሳች ያስደሰተን ፈተናው ራሱ ይመስላል።