ቸርኬ ጥቁር አስቀብታችሁ ጣጣ ከመጣ፦ ችግርና መፍትሄ

የፋብሪካ የአልሙኒየም ቸርኬ በፓውደር ኮቲንግ (ደረቅ የቀለም ዱቄት ተረጭቶ ኦቨን ውስጥ ሲበስል) ጥቁር ሲሆን ያምራል፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን እኛ ጋ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ኦቨን ያለው ቤት ብትፈልጉ ባብዛኛው በርና መስኮት፣ ወንበርና ጠረጴዛ የለመደ ነው፣ ቸርኬ ደግሞ ቀልጦ የተቀዳ ወፍራም አልሙኒየም ነው፣ በላሜራ ሂሳብ ሲሰራ ነው ጣጣው የሚመጣው።

ቀለሙ በጥፍር ይጫራል፣ ጎሚስታው ጎማ ሲያስገባ ጠርዙ ይገሸለጣል?

አልበሰለም ማለት ነው። ብዙው ዱቄት ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ላይ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ደቂቃው ግን የሚቆጠረው ብረቱ ራሱ እዛ ሙቀት ላይ ከደረሰ በኋላ ነው እንጂ የኦቨኑ ጌጅ 200 ስላለ አይደለም። ላሜራ ቶሎ ይግላል፣ ቸርኬ ግን መሀሉ ዳዶ የሚታሰርበት ጋ ወፍራም ስለሆነ አየሩ ሲግል እሱ ገና ለብ ብሎ ነው ያለው፣ ባለሙያው እንደ መስኮት ቆጥሮ ያወጣዋል። ለመፈተን ጥጥ አሴቶን ነክራችሁ ከጀርባ በኩል ማይታይ ቦታ እሹት፣ ጥጡ ጥቁር ካለና ቀለሙ ከለሰለሰ ጥሬ ነው። አብሽሩ፣ ይሄኛው ብዙ ጊዜ ሳይላጥ ይድናል፣ ጎማውን አስወልቆ ድጋሚ ኦቨን ማስገባት ነው። ቶሎ እንዲደርስ ሙቀቱን እንጨምረው ካሏችሁ ግን እንቢ በሉ፣ ቸርኬ በፋብሪካ በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ከመጠን ያለፈ ሙቀት መልሶ ያለሰልሰዋል፣ ያን ደግሞ በአይን አታዩትም።

እንደ እንጀራ አይን አይን አወጣ?

ተቀድቶ የተሰራ አልሙኒየም ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው፣ አየርና ዘይት ይይዛል፣ ኦቨን ሲገባ ያ ሁሉ በቀለጠው ቀለም ውስጥ እየፈነዳ ይወጣል። መፍትሄው ዱቄት ከመረጨቱ በፊት ባዶውን ቸርኬ ዱቄቱ ከሚበስልበት ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት ጋግሮ አየሩን ማስወጣት፣ ማቀዝቀዝ፣ ከዛ መርጨት። አንዴ አይን ያወጣውን ላዩ ላይ ደርበው ሊረጩላችሁ ይችላሉ፣ አትስማሙ፣ ያው ቀዳዳ ተመልሶ ይመጣል።

በቁራጭ በቁራጭ እየተነሳ ይላጣል?

የተነሳውን ቁራጭ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት። ጀርባው ላይ የፋብሪካው ቫርኒሽ ወይም አሮጌ ቀለም ተያይዞ ከመጣ መጀመሪያውኑ አልተላጠም፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻሽተው ነው የቀቡት። ጀርባው ንጹህ ሆኖ ከስሩ አልሙኒየሙ ብቻ ከታየ ደግሞ ዘይት ወይም ላቫጆ ቤት ጎማ ለማብረቅ የሚቀቡት ሲሊኮን ነው። ሁለቱም ጋ መፍትሄው አንድ ነው፣ ሙሉ በሙሉ በኬሚካል ወይም በአሸዋ ንፋስ ማስላጥ፣ በደንብ አጥቦ ዘይቱን ማስለቀቅ፣ ከዛ በኋላ በእጅ አለመንካት። ሲላጥ ደግሞ አጠገቡ ቁሙ፣ ስንጥቅ ወይም የድሮ ብየዳ ካለ የሚታየው ያኔ ነው፣ ጥቁር ከለበሰ በኋላ ማንም አያየውም።

ጥቁሩ ወደ ግራጫ እየሄደ እጅ ላይ ዱቄት ይተዋል?

ለቤት ውስጥ ወንበር የሚሆን ኢፖክሲ ወይም ኢፖክሲ የተቀላቀለበት ዱቄት ነው የተረጨው፣ ፀሐይ አይችልም፣ ደሴ ከፍታው ላይ ደግሞ ፀሐዩ ቀላል አይደለም። በፖሊሽ ለጊዜው ይመለሳል፣ ይመለሳል እንጂ አይቆይም። የውጪ ፖሊስተር ነው ወይ ብላችሁ ካርቶኑን አሳዩኝ በሉ፣ በዚህ ማፈር የለም።

መኪናው ይርገበገባል ወይም ዳዶ ይላላል?

ይሄን ለነገ አትበሉ ወላሂ። ቸርኬው ሞዞ (መኪናው ላይ ቸርኬው የሚታሰርበት አካል) ላይ የሚያርፍበት ፊትና ዳዶው የሚቀመጥበት ሾጣጣ ቦታ ተሸፍኖ መረጨት ነበረበት፣ ካልተሸፈነ ቀለሙ በጭነትና በሙቀት ይሳሳል፣ ዳዶው ጥብቀቱን ያጣል። አውርዳችሁ እነዚህን ቦታዎች እስከ ብረቱ አጽዱ፣ የመሀሉን ቀዳዳም እዩ፣ ቀለም ካጠበበው ቸርኬው መሀል ላይ አይቀመጥም። ኮሮላና ቪትዝ ላይ ጥብቀቱ 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ በቶርክ ሬንች (ጥብቀቱን በሚለካ ቁልፍ)፣ ቱቦ ቀጥላችሁ በጉልበት አይደለም። ከደሴ ሐይቅ ከተማ ደርሶ መልስ ነድታችሁ ድጋሚ አጥብቁ። ዳዶው ጠብቆ ንዝረቱ ካለ ባላንስ ነው፣ ቀለሙ ሲነሳ አሮጌው የባላንስ ብረትም ተነስቷል።

ጎማው ንፋስ ይቀንሳል?

የሳሙና ውሃ ቀቡትና አረፋ የሚፈላበትን እዩ። ጠርዙ ላይ ከፈላ ጎማው የሚቀመጥበት ቦታ ቀለም ተከምሯል ወይ ተገሽልጧል፣ አስወልቆ ማለስለስ። ቫልቭ ላይ ከፈላ ጎማ ቫልቩን ሳይነቅሉ ጋግረውታል፣ በአዲስ ቀይሩ።

ቡናማ ነጠብጣብ ታጥቦ አይለቅም?

ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን ፍሬን ረግጦ መውረድ ነው ይሄን ያመጣው፣ የጋለ የፍሬን ብናኝ ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ይዝጋል። በከባድ ማርሽ ውረዱ። ላቫጆ ላይ ቸርኬው እስኪቀዘቅዝ ጠብቃችሁ በለስላሳ ሳሙናና ስፖንጅ አሳጥቡ፣ አሲድ ያለበት ማጽጃ ይዘው ከመጡ ለቸርኬው አይሆንም በሏቸው።