የመስኖ ኩሬ ሲቆፍሩ ለወፉም ዳር ይተዉለት

ከአዳማ ብዙ የማይርቀው የቆቃ ሐይቅ በ1952 ዓ.ም. አዋሽ ለኤሌክትሪክ ሲገደብ የተፈጠረ ነው። ሰው ሠራሽ ቢሆንም ጉማሬው፣ አዞውና የውሃ ወፉ ለምደውታል። ወፍ ለማየት የሚሄድ ሰው ግን ውሃው የሚጠልቅበትን የግድቡን አጠገብ ትቶ ወንዞቹ ደለል ወደሚያራግፉበት ጭቃማ ዳር ይሂድ፤ ምግቡ ያለው እዚያ ነው። ኩሬ ቆፋሪም ከቆቃ የሚማረው ይህንኑ ነው።

ፓምፑ ከሌለበት በኩል አንዱን ዳር አለዝበው ይቁረጡ፤ ለ1 ሜትር ጥልቀት ቢያንስ 6 ሜትር ወደ ጎን ይሂድ። ትናንሾቹ የጭቃ ወፎች የሚለቅሙት ከ5 ሳንቲ ሜትር በታች በሆነ ውሃ ነው፤ ባለ ረጅም እግሮቹ እስከ 20 ድረስ ይገባሉ።

ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ) የተነጠፈበት ኩሬ ግን ካልታሰበበት ወጥመድ ነው። ፕላስቲኩ ሲረጥብ ያሟልጫል፤ የገባ ጃርት ወይም የወፍ ጫጩት ዳር ዳሩን ሲዋኝ ደክሞት ይሰምጣል። ጥጃም፣ ልጅም እንደዚያው። ስለዚህ በየማዕዘኑ መውጫ ያብጁ፤ ዳር ይዞ የሚዋኝ እንስሳ ማዕዘን ላይ መድረሱ አይቀርም። ከፕላስቲኩ ውጭ ችካል ይምቱና 1 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ወፍራም መረብ አስረው እስከ ኩሬው ወለል ይልቀቁት። አጭር ከሆነ በበጋ ውሃው ሲጎድል አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ታችኛውን ጫፍ አሸዋ በሞላ ጆንያ ያስጫኑት፤ ድንጋይ ፕላስቲኩን ይበሳል። በለዘበው ዳር ደግሞ ፕላስቲኩን 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ያልብሱት፣ ሣርና ደንገል ይያዝበታል። ተዳፋቱ ቀጥ ካለ አፈሩ በመጀመሪያው ዝናብ ተንሸራቶ ይወርዳል።

ያንን ዳር ከብት እንዳይገባበት በግራር እሾህ አጥር ይከልሉት። ቅንጭብ አይትከሉ፤ ወተቱ ዓሣ ይመርዛል።

የለዘበ ዳር የወባ ትንኝንም ይስባል፣ ይህን መደበቅ አይገባም። ኩሬውን ከመኖሪያ ያርቁ፣ የትንኙን እጭ የሚበላ ቆሮሶ ዓሣ ይልቀቁበት፣ የከብት ኮቴ የፈጠረውን ጉድጓድ ይድፈኑ። ውሃ ሲስቡም በየቀኑ በጥቂቱ ከመሳብ በሳምንት አንዴ አብዝተው ይሳቡ፤ ውሃው ከዳሩ በድንገት ሲሸሽ እጩ ደረቅ ላይ ይቀራል።

የኬሚካል መርጫ ኩሬው ውስጥ አይጠቡ። ቆቃ የዋለ መረብም ሳይደርቅና ሳይራገፍ አያስገቡ፤ እምቦጭ በትንሽ ቁራጭ ይራባል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከታየ ሳያብብ ነቅለው ከውሃው ርቆ ፀሐይ ላይ ያስጡት።